ከላይ ነው ወይስ ከቤት?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፓርቲዎችም ስለ ምርጫም አይደለም። ስለ አንዲት የሦስት ቮልት ባትሪ ነው። ከወትሮው ርእሰ ጉዳያችን የራቅሁ ቢመስላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ ለእኔ የራቅሁ አይመስለኝም።

ነገሩ የሆነው በየካቲት 2015 ዓ.ም. ነው። ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ። በጥር ወር ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ያስነሣው ውዝግብ ምእመናኑን ሁሉ ያስጨነቀበት ሰሞን ነበር። በየካቲት መጀመሪያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አልከፈት አሉ። «በዚህ ምክንያት፣ ለዚህን ያህል ጊዜ ዘግተናል» የሚል ማስታወቂያ ግን አላየንም። እስከ ሐምሌ ድረስ፣ አምስት ወር ያህል፣ በቪፒኤን እየተሸሸግን ስንገባ ከረምን።

አባቴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔና ከቤተሰቤ ጋር ይኖራሉ። ሳሎናችን ጥግ ላይ በ2006 ዓ.ም. የገዛሁት ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር አለ። እኔ ላፕቶፕ ከያዝሁ ወዲህ በውርስ የእርሳቸው ሆኗል (ውርስ ከልጅ ወደ አባት ሲሄድ ያየሁት በኮምፒዩተር ብቻ ነው)። ጠዋት ጠዋት ዜና ያነቡበታል። እሑድ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው እኅቴ ጋር እየተያዩ ይጫወቱበታል። በቀረው ጊዜ ይጽፉበታል።

የሚጽፉት የሕይወት ታሪካቸውን ነበር። በ1970 ዓ.ም. ወጣት መምህር ሳሉ ታስረዋል፤ አሥራ አራት ወር በቀበሌ እስር ቤት ቆይተዋል። አብረዋቸው ከገቡት መካከል ያልወጡ አሉ። ስለዚያ ጊዜ እኛ ልጆቻቸው የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስንጠይቃቸው «እሱን ተዉት» ይሉናል። ጡረታ ከወጡ ከዓመታት በኋላ ግን ማንም ሳይጎተጉታቸው ሦስት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተው መጻፍ ጀመሩ። ደብተሮቹ ሲሞሉም የጻፉትን በሁለት ጣት ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ያዙ። እንዳነበው አልፈቀዱልኝም። «ሲያልቅ» ነበር መልሳቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ከሳሎን ጠሩኝ። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ምን ሆነ?»

እኔ በክፍሌ የተማሪዎች ፈተና እያረምሁ ነበር። ከወንበሬ ሳልነሣ፣ «ከላይ ነው አባባ፤ ከላይ ዘግተውት ነው» አልኋቸው።

«ከላይ?»

«አዎን፣ ከላይ።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። እኔም ወደ ፈተናው ተመለስሁ።

«ከላይ ነው» የምትለዋን ቃል የማያውቅ የሀገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኔትወርክ ሲጠፋ ከላይ ነው። ባንክ ቤት ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል ከላይ ነው። ቃሏ ከመሬት ተነሥታ አልመጣችም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሰሞን ማኅበራዊ መገናኛዎች ታገዱ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በዚያው በፈተና ምክንያት ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ግድያዎች በኋላ ደግሞ ተቋረጠ፤ በቀጣዩ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውሃም አየርም እንዳልሆነ ነገሩን። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ሦስት ሳምንት ያህል ጨለማ ሆነ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ኖረች። ከዚህ ከማወጋችሁ ነገር በኋላም፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ሀገር የሚኖር ሰው ግንኙነት በጠፋ ቁጥር ሽቅብ ቢያንጋጥጥ ልንፈርድበት አይገባም።

እኔ ግን በማንም ፊት «አንድ አስተያየት ሳይመረመር አይጸናም» እያልሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ «ማስረጃህ የት አለ?» ብዬ መልሻለሁ! ያን ዕለት ግን በራሴ ቤት፣ ዐሥር እርምጃ ተራምጄ ማየት የምችለውን ነገር ሳላይ ፈረድሁ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዬም አልነበረም። በመዳብ የስልክ መስመር በምንጠቀምበት ዘመን፣ ስልክ በተደወለልን ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጥ ነበር። የምጽፈውን የሚከታተል ሰው ስልኬን ሲጠልፍ የሚፈጠር ነገር ነው ብዬ ለወራት በልቤ ይዤው ኖርሁ፤ ለሁለት ባልንጀሮቼም በሹክሹክታ ነግሬያቸዋለሁ። ለካስ ነገሩ ሌላ ኖሯል። በእንዲህ ያለው መስመር የሰው ድምፅ በታችኛው ድግግሞሽ፣ ዳታው በላይኛው ድግግሞሽ በአንድ ሽቦ አብረው ይጓዛሉ፤ ሁለቱን የምትለይ የክብሪት ሣጥን የምታህል ማጣሪያ በየስልኩ መሰኪያ ላይ ትገጠማለች። መኝታ ቤት ባስገባነው ሁለተኛ ስልክ ላይ አልተገጠመችም ነበር። ስልኩ ሲጮኽ ዳታውን ያውከዋል፤ በቃ። ማጣሪያዋን ስገጥም ተከታታዬ ያለ ስንብት ጠፋ። ያን ያህል የሚደከምልኝ ሰው መስዬ ለራሴ መታየቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ትንሽ ቅር ሳይለኝ ግን አልቀረም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ሌሊት እኅቴ በመደበኛው ስልክ ደወለችልኝ።

«አባባ ምን ሆነው ነው?» አለች። «ስደውልላቸው ‹ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን› ብለው ይዘጉታል። በኮምፒዩተሩ ለምን እንደማይገቡ ስጠይቃቸው ‹እሱን ተዪው› አሉኝ። ተጣልታችኋል እንዴ?»

እንዳልተጣላን ነገርኋት። «እሱን ተዪው» የምትለዋ ግን እንቅልፍ ነሣችኝ። ያችን ቃል አባቴ የት ቦታ እንደሚያስቀምጧት ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ብዙ ዞር ዞር አልሁ። በመጨረሻ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንዲት አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት አወጡ። በሚያምረው የሰሌዳ ጽሕፈታቸው፣ ኮምፒዩተሩ ያን ዕለት በቀይ ምልክት ያሳያቸውን የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ቃል በቃል ገልብጠውታል። መዝገበ ቃላት እያገላበጡም ከሥሩ ተርጉመውታል፤ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም። አጥቂዎች መረጃዎን ለመስረቅ እየሞከሩ ሊሆን ይችላል።»

«አንተም ከላይ ነው ብለኸኛል» አሉኝ።

«ታዲያ ምን አደረጉ፣ አባባ?»

«አጠፋሁት።»

«ምኑን?»

«የጻፍሁትን። ከዚያም ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ አጠፋሁት፤ አንተ ራስህ ነህ ያሳየኸኝ።» ጥቂት ዝም አሉና፣ «ደብተሮቹንም አቃጠልኋቸው። እናንተ ሥራ በሄዳችሁበት ቀን፣ በጓሮ» አሉ። «እኔስ አርጅቻለሁ፤ ምን ያደርጉኛል? በዚያ ውስጥ ግን የሰው ስም አለ። በሕይወት ያለ ሰው ስም አለ።»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። ተነሥቼ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄድሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ላደርገው ይገባኝ የነበረውን በዚያ ሌሊት አደረግሁት።

ብልሽት ፍለጋ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይኬዳል። የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች የራውተሩ መብራቶች ናቸው። በፋይበር መስመር ከሆነ፣ «ሎስ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለው መብራት ቀይ ከሆነ የብርሃኑ ምልክት ከሣጥኑ አልደረሰም፤ ከግድግዳው የምትወጣዋ ቀጭን ገመድ ካልተጣጠፈች ወይም ካልተነቀለች በቀር ጥፋቱ ከደጅ ነው። የእኛ መብራቶች ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ። ሁለተኛው ምስክር ሌላ መሣሪያ ነው፤ ስልኬን ከዚያው ዋይፋይ አገናኝቼ አባቴ የሚያነቡትን ጋዜጣ ከፈትሁ። ወዲያው ተከፈተ። እዚህ ላይ «ከላይ» የሚባለው ተከሳሽ ነጻ ወጣ። ጊዜ የፈጀብኝ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።

እንግዲህ ጥፋቱ ከኮምፒዩተሩ ነው። ቀጥዬ አድራሻውን አየሁ። በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ይዟል፤ ይህ ራውተሩ የሰጠው ነው። በ169.254 ቢጀምር ኖሮ ኮምፒዩተሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ጠይቆ የሚመልስለት አጥቶ ለራሱ ቁጥር አወጣ ማለት ነበር፤ ያን ጊዜ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን እንፈትሻለን። ከዚያ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ፒንግ ብዬ 8.8.8.8 የሚለውን የጉግል አድራሻ ጠራሁት። ፒንግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ስሙን ያገኘውም ባሕር ሰርጓጅ መርከብን ለማግኘት በውሃ ውስጥ ከሚላከው ድምፅ ነው። ድምፅ ትልካለህ፤ ወይ ይመለሳል ወይ አይመለስም። የእኔ አራት ጊዜ ተመለሰ። በቁጥር ፈንታ በስም ስጠራውም ተመለሰ። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ባይመልስ ኖሮ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ታሟል ብዬ የአገልጋዩን አድራሻ በሌላ እለውጠው ነበር፤ «ኢንተርኔት የለም» ከሚባለው ውስጥ ስንቱ ይኸው ነው።

መስመሩ ጤነኛ፣ አድራሻው ጤነኛ፣ ስሙም ጤነኛ። ሆኖም ብራውዘሩን ስከፍተው ያ ቀዩ ምልክት መጣ። እኔም እንደ አባቴ ፊቱ ተቀመጥሁ። የሚቀጥለውን ሳስብ ዓይኔ ከማያው ቀኝ ጥግ፣ ከታች፣ ቀኑ ላይ ዐረፈ። ዓመቱ 2015 ይላል። «ልክ ነው» አልሁ በልቤ፤ 2015 ነው።

ከዚያ ክው አልሁ።

በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፤ ቁጥሩ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር መሆኑን ይናገራል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ የኮምፒዩተሩን ሰዓት የምታስኬደው እርሷ ናት። የእኛዋ ከዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ ነጥፋለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ረስቶ፣ ከመገዛቱ በፊት ወደ ነበረ አንድ የጥር ወር ተመልሷል። አባቴ ደግሞ በተሳሳተ ቀን ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ቀን ሳይጽፉ ትምህርት ጀምረው አያውቁም። ሰዓቱን ጠቅ አድርገው አረሙት። የካቲትን ፌብሩዋሪ፣ ዓመተ ምሕረቱን 2015 አሉት። ትክክለኛውን ቀን ነው የሞሉት፤ በእኛ አቆጣጠር። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው ግን በጎርጎርዮስ ነው፤ በእርሱ ዓመቱ 2023 መሆን ነበረበት። (የሰዓት ቀጣናችንን ስንመርጥ እንኳ ናይሮቢ በሉ ነው የሚለን። አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና ናት እያልን ስንፎክር በዊንዶውስ ዘንድ የናይሮቢ ጭሰኞች ነን።)

ቀኑ ቢሳሳት ምን ያመጣል? ዛሬ ማንኛውም ደኅንነቱ የተጠበቀ ገጽ ሲከፈት ለብራውዘሩ የምስክር ወረቀት ያቀርባል። ወረቀቱ እንደ ማንኛውም መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ጋዜጣው ያቀረበው ወረቀት እ.ኤ.አ. በ2023 የተሰጠ ነው። በ2015 የሚኖር ኮምፒዩተር ገና ከስምንት ዓመት በኋላ የሚሰጥ ወረቀት ሲቀርብለት «ይህ ሐሰተኛ ነው፤ አጥቂ ሊሆን ይችላል» አለ። ከእርሱ ጊዜ አንጻር ፍርዱ ትክክል ነበር። አዳዲሶቹ ብራውዘሮች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብለው በግልጽ ይናገራሉ። የእኛው ግን ዳታ እንዳይበላብኝ ብዬ እድሳቱን ከዘጋሁበት ጊዜ ጀምሮ አልታደሰም። ዊንዶውስም በራሱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እያመሳከረ ያርማል፤ ልዩነቱ ከዐሥራ አምስት ሰዓት ሲበልጥ ግን እንደ ተለመደው አሠራሩ እጁን አያስገባም። የስምንት ዓመት ልዩነት ነው እንግዲህ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ዘወር ስል አባቴ ከኋላዬ ቆመው፣ ወረቀቷን እንደ ያዙ ያዩኛል። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ዓመቱን 2023 አደረግሁት። ጋዜጣው ተከፈተ። ሁሉንም ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፤ ባትሪውን፣ አቆጣጠሩን፣ ወረቀቱን። ጎበዝ መምህር ናቸውና በአንድ ጊዜ ገባቸው።

«እንግዲህ ማንም አልነበረም ማለት ነው?» አሉ።

«ማንም አልነበረም፣ አባባ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ያን ጊዜ ግን ነበሩ» አሉና ወደ መኝታቸው ሄዱ።

በዚያው ሌሊት ኮምፒዩተሩን አጠፋሁት። ይህን ልብ በሉት፤ ፋይል የጠፋበት ሰው የመጀመሪያ ሥራው መሣሪያውን ማጥፋት ነው። ፋይል ሲሰረዝ ዲስኩ የሚፍቀው ማውጫውን ነው እንጂ ጽሑፉን አይደለም፤ ጽሑፉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል። መፈለጊያ ፕሮግራም እጭናለሁ ብሎ በዚያው ዲስክ ላይ መጫን በጠፋው ሰው መቃብር ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው። (ይህ ሁሉ ለቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው። በአዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች የተሰረዘው ቶሎ ስለሚጸዳ ተስፋው የመነመነ ነው።) ዲስኩን ነቅዬ በዩኤስቢ ማገናኛ ከላፕቶፔ ጋር አያያዝሁትና ፎቶሬክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አሠማራሁ። ስሙ ፎቶ ቢልም ሰነድም ያወጣል። ማውጫውን ሳይጠይቅ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሰ የሰነድ አጀማመር የሚመስለውን ሁሉ ይለቅማል። የሚለቅመውን ግን ያለ ስም ነው፤ የወጣው ሁሉ ቁጥር ብቻ ነው።

አባቴን ያስፈራቸው ነገር በአንድ በኩል ረድቶናል፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ኮምፒዩተሩን እምብዛም አልነኩትም፤ ስለዚህ ብዙ አልተጻፈበትም ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ወጡ። ሁለት ሌሊት አንድ በአንድ ከፈትሁ። የእኔ የቆዩ የትምህርት ማስታወሻዎች፣ የልጆቼ የቤት ሥራ፣ ግማሽ ደብዳቤ። በሁለተኛው ሌሊት አንድ ትርጉም የሌለው ሰነድ ወጣ፤ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ነጥብ የተዘበራረቁበት። የተበላሸ ነው ብዬ ልዘጋው ስል እጄ ቆመ። አባቴ በትምህርት ቤት የተማሩት በቪዥዋል ግዕዝ ነው። በዚያ ዘመን ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱ ቦታ ሳይሰጠው፣ በላቲኑ ቁጥሮች ላይ ተደርቦ ነበር የሚጻፈው፤ ፊደሉ ሲጠፋ ሥሩ ያለው ላቲን ራቁቱን ይቀራል። ጽሑፉን በሙሉ መርጬ የፊደሉን ዓይነት ወደ ግዕዝ ለወጥሁት።

አማርኛ ሆነ።

አንድ ዓረፍተ ነገር አነበብሁና ዓይኔን አነሣሁ፤ አልተፈቀደልኝምና። በጠቅላላው አርባ ሦስት ገጽ ተገኘ። አትሜ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው። እንደ ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ ገለጡት። የቀረው ሰባ ገጽ ያህል እንደሚሆን ነገሩኝ። እኔ ያወጣሁት አብዛኛው የልጅነታቸውና የመምህራን ማሠልጠኛ ዘመናቸው ነው፤ የእስር ቤቱ ታሪክ በገባ በሁለተኛው ገጽ ላይ ይቋረጣል።

ይህን ስጽፍ «መንግሥትን ነጻ ልታወጣው ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የማንም ሰው የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት እንደማይደፈር ተጽፏል፤ ሆኖም አንድ የሰባ አራት ዓመት ሰው «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ለአፍታ እንኳ ሳይጠራጠሩ አመኑ። የባትሪ መንጠፍ ብቻውን ደብተር አያስቃጥልም። በሌላ ሀገር ያለ ጡረተኛ ይህ ሲገጥመው ልጁን ይጠራል፤ ልጁም መጥቶ ያያል። እኛ ቤትም ልጅ ተጠርቶ ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የኢንተርኔትን ደረጃዎች የሚያወጣው አካል፣ አይኢቲኤፍ፣ ለድረ ገጾች አዲስ የስሕተት ቁጥር አጽድቋል። ገጽ ሲጠፋ የሚመጣውን 404 ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዲሱ 451 ነው፤ ገጹ በሕግ ምክንያት መከልከሉን የሚገልጽ ነው፤ የከለከለው ማን እንደሆነም አብሮ ሊገለጽ ይችላል። ቁጥሩ የተወሰደው መጻሕፍት ስለሚቃጠሉበት ዓለም ከሚተርከው ከሬይ ብራድበሪ ልብ ወለድ ርእስ ነው። ከልካይ «እኔ ከልክያለሁ» እንዲል የተበጀ ቁጥር ነው። እኛ ዘንድ የተዘጋ ገጽ ግን ምንም አይልም። ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ በመጨረሻም «ጊዜው አልፏል» ይላል። አይጥ የበላችው ገመድም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የከለከለው አካል ከአይጧ ጀርባ ተሸሽጓል፤ እኛም አይጧን ስናይ እርሱ ይመስለናል።

ለመለየት የሚሻ ሰው ግን መንገድ አያጣም። ከራሱ መሣሪያ በፊት ሌላ መሣሪያ ይሞክር። ከዚያ የጎረቤቱን መስመር ይሞክር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሁለተኛ የቴሌኮም ድርጅት ስላለ በሁለቱም ሲም ካርድ ማመሳከር ይችላል። አንዱ ገጽ ብቻ በሁሉም ዘንድ እምቢ ብሎ ሌላው ሁሉ ከተከፈተ፣ ያው ገጽ ደግሞ በቪፒኤን ከገባ፣ ያን ጊዜ ደረቱን ነፍቶ «ከላይ ነው» ይበል፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ይመዝግብ። እኔ በዚህ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ እንዲህ ሳላደርግ እንደ ጻፍሁ መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ተውሁት።

አዲሷን ባትሪ ከአንድ ምሳ ባነሰ ዋጋ ገዛሁ። ገመዱን ነቅሎ፣ ማቀፊያዋን በጥፍር ገፋ አድርጎ፣ የመደመር ምልክት ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ማስገባት ነው። አባቴ አጠገቤ ቆመው የእጅ ባትሪ ያበሩልኝ ነበር። አሮጌዋን በመዳፋቸው ይዘው አገላብጠው አዩአትና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጧት። ከእኅቴ ጋር የእሑዱን ጨዋታ ቀጥለዋል። ኮምፒዩተሩ ላይ መጻፍ ግን አልተመለሱም። አንድ አዲስ ደብተር አለ፤ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በቅርቡ አንድ ማታ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። አባቴ እንደ ድሮው ከሳሎን አልተጣሩም፤ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ጠፍቷል» አሉና ሳይሄዱ ጠበቁኝ። የያዝሁትን አስቀምጬ ተነሣሁ። ገመዷ ከግድግዳው አልተነቀለችም፤ አልተጣጠፈችምም። «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ሆኗል። የጎረቤታችንም እንደዚያው።

«ከላይ ነው» አልኋቸው።

«አየኸው?»

«አየሁት።»